ማስተማር፣ መሳልና ማማከር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሠዓሊን ኑሮ የሚመለከቱ ናቸው። እኔም ከሰዓት አስተምራለሁ፣ ጠዋት እስላለሁ፣ አልፎ አልፎም ሥዕል ለሚገዙ ሰዎች አማክራለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

«ዘንድሮ በሥነ ጥበብ እመረቃለሁ። ማስተማር ከጀመርሽ ሠዓሊነትሽ ያበቃለታል እያሉ ያስፈራሩኛል።»

አይዞሽ፣ አያበቃለትም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማረ ነው ሲስል የኖረው። እስክንድር ቦጎሲያንም እዚያው አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ደግሞ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ። እነ ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ እሱ ባስተማረበት ሃዋርድ ገብተው ተምረዋል። የጉሊት ሴቶችን በመሳል የሚታወቀው ታደሰ መስፍንም ለብዙ ዓመታት አስተምሯል።

ሠዓሊን የሚጎዳው ማስተማሩ ሳይሆን ጠዋቱን አሳልፎ መስጠቱ ነው። ፈተና ማረምና ስብሰባ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ይበላሉ። ስለዚህ ሥራ ስትቀጠሪ ከደሞዙ በፊት የክፍለ ጊዜውን ፕሮግራም ጠይቂ። እኔን የጠቀመኝን አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ማታ ከስቱዲዮ ስወጣ ለነገ የምጀምርበትን ዘይት ቀለም ደባልቄ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ጠዋት ስገባ «ምን ልሥራ?» ብዬ አልቆምም። ላስቲኩን ገልጬ ብሩሼን አነሳለሁ።

«አዲስ ለከፈትኩት ቢሮ ሥዕል መግዛት እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ራሱ ሠዓሊ ከሆነ የራሱን ሥዕል አይሸጥልኝም?»

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ይጠይቁት። ጥሩ አማካሪ የሚከፈለው ከእርስዎ ብቻ ነው። ከእርስዎም ከጋለሪውም ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። የምክር ክፍያው ከሥዕሉ ዋጋ በመቶኛ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ውድ ሥዕል ባስገዛ ቁጥር የሚጠቀመው እሱ ይሆናላ። ቁርጥ ያለ ዋጋ ተነጋግራችሁ በውል ጻፉት። እኔ የራሴን ሥዕል ለማማክረው ሰው አልሸጥም። እወደዋለሁ ካለኝ ምክሩን አቁሜ ሌላ ሰው እንዲያይለት አደርጋለሁ።

አማካሪ ጥቅሙ ከግዢው በፊት ነው። ግድግዳውን ያያል፣ ብርሃኑን ያያል። አንድ ሆቴል ገብቼ ወደ ምዕራብ ከሚያይ ትልቅ መስኮት ትይዩ የተሰቀለ ሥዕል አይቻለሁ። ቀዩ ወደ ሮዝ ሄዶ ነበር። ፍሬሙን ስናወጣው ጠርዙ የሸፈነው ጠባብ መስመር እንደ በርበሬ ቀይ ነው! ሠዓሊው ያንን ቢያይ ምን ይሰማው ይሆን ብዬ በጣም አዘንኩ። መጋረጃ ብቻ ያድነው ነበር። ሲሰቅሉም የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ሴንቲ ገደማ ይሁን። ብዙ ቢሮዎች ሥዕልን ጣሪያ ሥር ይሰቅሉታል።

«የግል ተማሪ ላስተምር ነው። ወላጆች በየክፍለ ጊዜው ልክፈል ይላሉ።»

በወር፣ ቀድመው ይክፈሉ። ልጁ ሲቀር የስቱዲዮ ኪራይ አይቀርምና።

«ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ሥዕል ለምትወድ ልጄ የኛን ሰው ሥራ ላሳያት እፈልጋለሁ።»

ዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ እስክንድር ቦጎሲያን ከሠዓሊ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠሩት ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ አለ፤ ደውላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። አዲስ አበባ ስትመጡ ደግሞ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል እንድታይ አድርጓት። 150 ካሬ ሜትር ነው። ቀኑ ፀሐያማ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀለሙ በብርሃኑ ነው የሚነሳው።

«የሸጥኩት ሥዕል በዓመቱ ተሰነጣጠቀ። ገዢው ገና አላየውም መሰለኝ። ዝም ልበል?»

ዝም አትበል ወንድሜ። ምናልባት ከሥር ዘይት የበዛበት ወፍራም ቀለም ቀብተህ፣ ሳይደርቅ በላዩ ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ቀለም ደርበህበት ይሆናል። የላዩ ይደርቃል፣ የሥሩ ገና ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ሴሚስተር የማስተምራቸው ይሄንን ነው፦ ከሥር ቀጭኑ፣ ከላይ ዘይት ያለው። ለገዢው ዛሬውኑ ደውልለት። ሥዕሉን ራስህ ሄደህ አምጣው፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅብህም ንገረው። እስክትመልስለት ድረስ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ሌላ ሥራህን ስቀልለት።