ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኬሎይድ ያለበት ሰው ጄሊፊሽ ቢነቀስ የት ይነቀስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው እስራኤል ናታንያ ነው። ጄሊፊሽ፣ እዚህ ሜዱዛ የምንላትን፣ መነቀስ እፈልጋለሁ። የመረጥኩት ሥዕል ጃንጥላዋ ሰማያዊና ሮዝ፣ ክሮቿ ነጭ ሆነው ከጡቶቼ መሀል ወደ ሆዴ የምትወርድ ናት። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። በ15 ዓመቴ ጆሮዬን ተበስቼ አንዱ ላይ ሽምብራ የሚያህል እብጠት ወጣብኝ፣ እስካሁን አለ። ባለፈው በጋ ደግሞ ባሕር ውስጥ ሜዱዛ ጭኔን ነድፋኝ ቡናማ መስመሮች ቀርተውብኛል። ጓደኞቼ "እዚያው ላይ ተነቀሺና ሸፍኚው" ይሉኛል። እናቴ አንገቷን ዙሪያውን ተነቅሳ ምንም አልሆነችም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጆሮዎ እንጀምር፣ ሥዕሉን ከእርስዎ በፊት የሚመርጠው እሱ ነውና።

የጆሮ መብሻ የምታህል ቁስል ሽምብራ የሚያህል ነገር አብቅላ 12 ዓመት ካልጠፋ፣ በዝርዝር ሳላየው እንኳ ኬሎይድ፣ ማለትም ከልክ በላይ የሚያድግ ጠባሳ፣ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ተራ ወፍራም ጠባሳ ከቁስሉ ወሰን አያልፍም፣ በወራት ውስጥም እየሟሸሸ ይሄዳል። ኬሎይድ ግን ወሰኑን አልፎ ጤነኛውን ቆዳ ይይዛል፣ በራሱም አይመለስም። እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል፣ በተለይ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ።

ኬሎይድ ቦታ ይመርጣል። ጆሮ፣ የደረት መሀል፣ ትከሻ፣ የጀርባ ላይኛው ክፍልና የአገጭ ዙሪያ ይቀናዋል። እርስዎ የመረጡት ቦታ እንግዲህ ከሁሉም የከፋው ነው። የደረት መሀል ቆዳ ስንተነፍስ፣ ክንድ ስናነሳ፣ በጡት ክብደትም ሁልጊዜ ይወጠራል፣ ውጥረት ደግሞ ኬሎይድን ይቀልባል። እዚያ የሚወጣ ኬሎይድ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ የጡት ማስያዣ ሲነካውም ያማል። 20 ክር ያላት ጄሊፊሽ ማለት 20 ረጃጅም ቁስል ማለት መሆኑንም ያስቡበት።

ቁርጥ ያለ መልስ ከፈለጉ፣ በደረትዎና በትከሻዎ ላይ በፍጹም አይነቀሱ። በሌላ ቦታም ቢሆን ባይነቀሱ እመርጣለሁ። ነገር ግን ንቅሳት ኬሎይድ የሚያመጣው ከጆሮ መበሳት ባነሰ ጊዜ ነው። የማሽኑ መርፌ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚገባው፣ ቆዳን በስቶ አያልፍም። ስለዚህ "አይቻልም" ብዬ ብዘጋብዎ ሄደው ደረትዎን ይነቀሳሉ ብዬ ስለምፈራ፣ አደጋው ዝቅ የሚልበትን መንገድ ልንገርዎ።

ቦታው ከክርን በታች ያለው የክንድ ውጪኛው ገጽ ወይም የባት ውጪኛ ጎን ይሁን። ሁለቱም ብዙ አይወጠሩም፣ ችግር ከመጣ በዓይን ይታያሉ፣ ለሕክምናም ይመቻሉ። የውስጥ አንጓን፣ ቁርጭምጭሚትንና የእግር ጀርባን ይተዉ። እዚያ ቆዳው ስስ ስለሆነ መርፌው አልፎ ስብ ውስጥ ይገባል፣ ቀለሙም እንደፈሰሰ ቀለም በመስመሩ ዳር ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ይሰራጫል። ይህ በክሬም አይስተካከልም። ከመወሰንዎ በፊት በዚያው ቦታ፣ በጥቁር ቀለም (ለምን ጥቁር እንደሆነ ወደ ታች እነግርዎታለሁ) አንዲት 1 ሴንቲ ሜትር መስመር ብቻ አስነቅሰው 6 ወር ይጠብቁ። ኬሎይድ ከቁስሉ በኋላ 3 ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው፣ በመጀመሪያው ወር "ዳነልኝ" ማለት ምንም አይነግርም። መስመሯ ለስላሳ ሆና ብትቀር እንኳ ዋስትና አይደለችም። ካበጠች ግን ጉዳዩ አብቅቷል።

የእናትዎን ነገር ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ጥቂት ልበልበት። የቆዩት ንቅሳቶች በመርፌ ወይም በእሾህ ጥላሸት እየተወጋ የተሠሩ ናቸው። የእናትዎ አንገት ያለ ኬሎይድ መዳኑ ስለ እናትዎ አንገት ነው የሚናገረው። ዝንባሌው በዘር ይወረሳል፣ ከአባት ወገንም ሊመጣ ይችላል። ለሥዕልዎ ግን ከእናትዎ አንገት የሚማሩት አለ። ቀረብ ብለው ይዩት። መስመሮቹ ሲወጉ ጥቁር ነበሩ፣ አሁን ግን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መስለው ይታያሉ፣ ጠርዛቸውም እንደ ድሮው ስለታም አይደለም። ቀለሙን ውጠው የሚይዙት የቆዳ ውስጥ ሴሎች ሲሞቱ ሌሎች ይረከቧቸዋል፣ በዚህ ርክክብ ቀለሙ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ጥቁር ደግሞ ከቆዳ ሥር ሆኖ ሲታይ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ስለዚህ ጄሊፊሿ ትልቅና ክር የሚያንሳት ትሁን። ጃንጥላዋ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ጠቅላላ ርዝመቷ ከ14 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር፣ ክሮቿ 5 ወይም 6። በመስመርና በመስመር መካከል ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ባዶ ቆዳ ይተው። በወረቀት ላይ የሚያምሩት እንደ ፀጉር የቀጠኑና የተቀራረቡ ክሮች ከ10 ዓመት በኋላ አንድ ጥቁር ፎጣ ይሆናሉ። ጃንጥላው በክርን በኩል፣ ክሮቹ ወደ እጅ ይውረዱ፣ ከአንጓው መታጠፊያ 2 ጣት ርቀው ይቁሙ። ነቃሹ ንድፉን ቆዳዎ ላይ ሲለጥፍ ቆመው ክንድዎን ዝም ብለው ያንጠልጥሉ። መዳፍ ወደ ላይ ተዘርግቶ የተለጠፈ ንድፍ እጅዎን ሲያዞሩ አብሮ ይጣመማል። ካልወደዱት ያስጠርጉትና እንደገና ያስለጥፉ፣ የማይጠረገው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ክንድዎ ላይ ማርያም የሳመችዎት ካለ አይሸፈን፣ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። መልኩ ቢለወጥ ከቀለም ሥር ማየት አይቻልም።

ሰማያዊ፣ ሮዝና ነጭ ያሉትን እኔ ብሆን እተዋቸዋለሁ። የቆዳችን ቡናማ ቀለም ያለው በላይኛው ንጣፍ ነው፣ የንቅሳቱ ቀለም ደግሞ ከሥሩ ይቀመጣል። ፈዛዛ ቀለም በቡናማ ጠርሙስ ውስጥ እንደማየት ነው፣ ነጩ ቢጫ ወይም የቆሸሸ መስሎ ይቀራል። ጄሊፊሽ የምታምረው ብርሃን ስለምታሳልፍ ነው፣ ያንን ብርሃን የራስዎ ቆዳ ይስጥ። ጥቁር ጠርዝ፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ እየሳሳ የሚሄድ ጥላ፣ መሀሉ ባዶ። ጥሩ ነቃሽ ይህን ያውቀዋል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የሠራውንና ቢያንስ ዓመት የሞላውን ሥራ ፎቶ ያሳይዎት፣ የዛሬው ፎቶ አይቁጠሩለት።

ቀለሙን የምፈራው ለውበቱ ብቻ አይደለም። አለርጂ በብዛት የሚነሳው በቀይና ከቀይ በተቀላቀለ ሮዝ ነው፣ ከተነቀሱ ከሳምንታት አልፎ ከዓመታት በኋላም ሊነሳ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 በንቅሳት ቀለሞች ላይ ገደብ ሲጣል፣ በ2023 ደግሞ ሰማያዊ 15፡3 እና አረንጓዴ 7 የተባሉት ተከልክለዋል። ምክንያቱ ጉዳታቸው ስለተረጋገጠ ሳይሆን ደኅንነታቸው በበቂ ሁኔታ ስላልታየ ነው። አንድ ቀን ላጥፋው ቢሉም ሰማያዊ ያስቸግራል። ጠቆር ላለ ቆዳ የሚመቸው ሌዘር፣ የ1064 ናኖ ሜትሩ፣ ጥቁርን ያጠፋል፣ ሰማያዊና አረንጓዴን የሚያጠፉት ሌዘሮች ግን የራስዎን የቆዳ ቀለም አብረው ያቃጥላሉ። ነጭና ሮዝ ደግሞ ሌዘር ሲነካቸው ሊጠቁሩ ይችላሉ።

ጥቁር ብቻ ሲሆን ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እሱም ግራጫው ጥላ ነው። ጥላው የሚሠራው ጥቁሩን በውሃ በማቅጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ 19 ሰዎች ማይኮባክቴሪየም ቼሎኔ በሚባል ጀርም ተይዘው ነበር። የሁሉም ቀለም ቀድሞ የተዘጋጀ ግራጫ ሲሆን፣ የተቀጠነው በዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖ በተጣራ ውሃ፣ ነው። ዲስቲልድ ውሃ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ከጀርም የጸዳ አይደለም፣ የቧንቧውማ አይነሣ። ነቃሹ "በምን ታቀጥነዋለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ "ከጀርም በጸዳ የታሸገ ውሃ" ካላለ ይውጡ። መርፌው ፊትዎ ከማሸጊያው ይውጣ፣ ቀለሙ በትንሽ የአንድ ጊዜ ኩባያ ይቀዳ፣ ጓንቱም ስልክ ከነካ ይቀየር። ይህ ጀርም ምልክቱ ለየት ይላል። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ግራጫው ያረፈበት ቦታ ብቻ ትናንሽ ቀይ እብጠቶች ያወጣል፣ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። አለርጂ ነው ተብሎ የስቴሮይድ ክሬም ሲቀባ ይብስበታል። የቆዳ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት፣ ሕክምናውም የወራት አንቲባዮቲክ ነው።

የጭንዎን ነገር በአጭሩ። ሜዱዛ የነደፈችበት ቦታ የተረፈው ቡናማ መስመር ብዙውን ጊዜ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ የሚቀር ቀለም ነው፣ በራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። በመርፌ ቢነካኩት ይበልጥ ሊጠቁር ይችላል። ጣትዎን አሳልፈው ይዳስሱት። ከቆዳው ከፍ ካለ ወይም ካሳከከ አይነካ። ለስላሳ ከሆነም ከንድፊያው ቢያንስ ዓመት ይሙላው፣ ፀሐይ መከላከያ እየቀቡ ይጠብቁ። ምናልባት የሚሸፈን ነገር አይቀርም።

ከመነቀስዎ በፊት በኩፓት ሆሊምዎ (በጤና መድን ድርጅትዎ) የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያድርጉ፣ ነጻ ሆነው ካልተከተቡ ይከተቡ። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ከቆየ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ክፍት ቁስል ይዞ ሞቃት ባሕር ሲገባ አደጋው ሌላ ነው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የ31 ዓመት የጉበት ሕመምተኛ በተነቀሰ በ5ኛው ቀን ዋኝቶ በባሕር ባክቴሪያ ሕይወቱ አልፏል። ለናታንያ ሰው ስለዚህ ወሩ ኅዳር ቢሆን ይሻላል፣ ፀሐዩም ረገብ፣ የመዋኘት ጉጉቱም ቀነስ ይላል። 4 ሳምንት ባሕርም፣ ገንዳም፣ መታጠቢያ ውስጥ መዘፍዘፍም የለም፣ ሻወር ይፈቀዳል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ሽፋኑን ነቃሹ በነገረዎት ሰዓት ያንሱ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና በቀን 2 ጊዜ በእጅዎ ብቻ ይታጠቡ፣ በንጹሕ ወረቀት መታ መታ አድርገው ያድርቁ፣ ቫዝሊን እንደ ጤዛ ስስ አድርገው ይቀቡ። የሚላጠውን ቅርፊት አይላጡት። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሳምንት በኋላ፣ የሲሊኮን ጄል ተለጣፊ ንጣፍ በቀን ቢያንስ ለ12 ሰዓት፣ ለ3 ወር ይጠቀሙ፣ ለእርስዎ ዓይነት ቆዳ ይህ አይዘለልም። መቅላቱ እየሰፋ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ መግል እየወጣ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከ3ኛው ወር በኋላ አንድ መስመር እንደ ገመድ ጠጠር ብሎ ከፍ ማለትና ማሳከክ ከጀመረ አይጠብቁ። ትንሽ ሳለ ትራይአምሲኖሎን የሚባለው መድኃኒት በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ ሲወጋ ጥሩ ይመልሳል፣ ሲያረጅ ግን ያስቸግራል። ለዚያው ቀጠሮ ሲሄዱ ጆሮዎንም ያሳዩ፣ ግን "ቆርጬ ላውጣልሽ" የሚል ሰው ካገኙ መርፌው ወይም ሌላ ተከታይ ሕክምና አብሮ መኖሩን ይጠይቁ። ብቻውን የተቆረጠ ኬሎይድ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመጣም ከፊተኛው ሊበልጥ ይችላል።