ሁለት ሻንጣ ሞልቷል፤ ዶርም ስገባ የቱን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። ከማላውቃቸው ሁለት ልጆች ጋር አንድ ዶርም ደርሶኛል። ከቤት ውጪ አድሬ አላውቅም። ቤተሰቦቼ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሞልተውልኛል፤ እኔ ግን የቱን ይዤ የቱን እንደምተው ግራ ገብቶኛል። ከልጆቹ ጋር ባልስማማስ? ለቤተሰብ ሸክም እንዳልሆንም እንደገባሁ የትርፍ ሰዓት ሥራ ልፈልግ አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ሦስት ሳምንት በቂ ጊዜ ነው። ሻንጣዎቹን ግን ለጊዜው ዝጊያቸው። ክፍሉ ምን እንዳለውና ምን እንደሚከለከልበት ሳታውቂ የምትይዢው ዕቃ ግማሹ ትርፍ ይሆናል፣ ከቀረውም በር ላይ የሚያስመልሱሽ አይጠፋም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለተማሪዎች መኖሪያ ቢሮ ጻፊ ወይም ደውዪ። የአልጋው ርዝመትና ስፋት ስንት ነው? ፍራሽና ትራስ አለው? ቁም ሳጥኑ የራሱ ቁልፍ አለው ወይስ ጓጉንቸር ይዤ ልምጣ? መታጠቢያው የጋራ ነው? ልብስ የሚታጠበው በማሽን ነው በእጅ? የትኞቹ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የተከለከሉ ናቸው? ቁልፍ የሚሰጠው ማነው፣ እስከ ስንት ሰዓት? የምግብ አገልግሎቱስ በየትኛው ቀን ይጀምራል? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ቁልፍ የሚሰጥበት ቀንና ምግብ ቤቱ የሚከፈትበት ቀን የማይገጣጠሙበት ጊዜ ግን አለ። መልሱን በጽሑፍ ካገኘሽ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ በኋላ «ማን ፈቀደልሽ?» ሲሉሽ የምታሳዪው ይኖርሻል።

የአልጋውን ልክ መጠየቅ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ። «የአንድ ሰው አልጋ» ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። 90 በ190 ሳንቲ ሜትር የሆነ አለ፣ 90 በ200 አለ፣ 97 በ203 የሆነም አለ። ላስቲክ ያለው አንሶላ ለ190 ተሰፍቶ 203 ላይ ሲለጠጥ ሌሊቱን ሙሉ ከጥጉ እየሾለከ ያድራል። ልኩን ማወቅ ካልቻልሽ ላስቲክ የሌለውን ተራ አንሶላ ያዢ፤ ትርፉን ከፍራሹ ሥር መጠቅለል ይቻላል።

ከዕቃ በፊት ደግሞ ክትባት። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቦታ የማጅራት ገትር በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል። በዚህ የተነሳ በተለያዩ አገሮች ዶርም ለሚገቡ አዲስ ተማሪዎች ክትባቱ ይመከራል፤ ግዴታ ያደረጉትም አሉ። ሰውነት መከላከያውን እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃልና በቀረሽ ጊዜ የሚያዋጣው በዚህ ሳምንት ጤና ባለሙያ ማማከር ነው። ከገባሽም በኋላ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና አንገት ማጎንበስ እስኪያቅት መገተር አንድ ላይ ከመጡ «ተኝቼ ልየው» የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ነው። ዘወትር የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው ያዢ፤ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት የሐኪም ወረቀትም አብሮት ይኑር።

አሁን ወደ ሻንጣው። ሁለት ቦርሳ አድርጊና አንዱን «የመጀመሪያው ሌሊት» በዪው፤ ከትከሻሽ የማይወርድ መሆን አለበት። አንሶላና የትራስ ልብስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሶፍት፣ ነጠላ ጫማ፣ ቢጃማ፣ የነገ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ቻርጀር፣ ጓጉንቸር፣ ውሃና የሚበላ ነገር እዚያ ይገባሉ። ምዝገባውና የቁልፍ ሰልፉ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ ክፍሉ ውስጥ የምትገቢው ደክሞሽና መሽቶ ይሆናል። ያኔ ትልቁን ሻንጣ መሬት ላይ ዘርግፎ ፎጣ መፈለግ አዲስ ጓደኛ የሚተዋወቁበት ጥሩ መንገድ አይደለም።

ሰነዶችሽም በዚሁ ቦርሳ ይሂዱ፤ መኪና ላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይግቡ። የመግቢያ ደብዳቤ፣ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናው፣ የክትባት ካርድና ጉርድ ፎቶዎች ውሃ በማያስገባ ክላሴር ይቀመጡ። ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኮፒ ለብቻ ያዢ። ዋናውን አሳይተሽ ኮፒውን ነው የምትሰጪው፤ ዋናውን ትተሽ እንድትሄጂ ከጠየቁሽ መረከባቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ተቀበዪ። ሁሉንም በስልክሽ አንሺና ለራስሽ ኢሜይል ላኪው። የቤተሰብሽን ስልክ ቁጥርም በወረቀት ጻፊ፤ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ በቃል የሚታወስ ቁጥር ያለው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው።

የልብሱን ብዛት የሚወስነው የምታጥቢበት ቀን ነው። በሳምንት አንዴ ካጠብሽ ለ8 ወይም ለ9 ቀን የሚበቃ የውስጥ ልብስና ካልሲ፣ 5 ወይም 6 የላይ ልብስ፣ 3 ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ እንደ አየሩ ጃኬትና ሹራብ ይበቃሻል። ፎጣ ሁለት፣ አንሶላ ሁለት ይሁን፤ ሦስት ሰው በሚያድርበት ክፍል እርጥብ ፎጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሳይደርቅ ከታጠፈ ደግሞ ይሸታል። አንድ ሙሉ የክት ልብስ ግን አትተዪ። የክፍል ገለጻም ሆነ የሥራ ቃለ መጠይቅ ሳይታሰብ ሲመጣ ልብስ ከሰው ስትበደሪ እንዳትገኚ።

የሚቀረው ምንድን ነው? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት፣ ከሁለት ጥንድ በላይ ጫማ፣ ጌጣጌጥ፣ ድስትና ምጣድ፣ «ምናልባት ያስፈልግሽ ይሆናል» ተብሎ የገባው ሁሉ። የልጆቹን ስልክ ማግኘት ከቻልሽ መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ መስታወትና የጠረጴዛ መብራት ማን እንደሚያመጣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አለበለዚያ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ባልዲ ይሰለፋል።

ስለ ኤሌክትሪክ ረዘም አድርገን እንጻፍ፤ በዶርም ውስጥ ቀልድ የማያውቀው ነገር እሱ ነው። ኤክስቴንሽን የምትይዢ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቢ። 10 አምፔር የሚል ከሆነና መብራቱ 220 ቮልት ከሆነ ሁለቱን አባዢ፤ 2,200 ዋት ነው የሚሸከመው። የስልክ ቻርጀር 20 ዋት፣ ላፕቶፕ 65፣ የጠረጴዛ መብራት 10 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ሦስታችሁም ሁሉንም ብትሰኩ 285 ዋት ነው፣ ምንም አይሆንም። ውሃ ማፍያ ግን ብቻውን 2,000 ዋት ይወስዳል፤ አጠገቡ 1,800 ዋት የጸጉር ማድረቂያ ሲሰካ 3,800 ይደርሳል። ብዙ ሰው «ከበዛ ብሬከሩ ይወርዳል» ብሎ ይተማመናል። የክፍሉ ብሬከር 16 አምፔር ከሆነ የሚጠብቀው ግድግዳው ውስጥ ያለውን መስመር ነው፤ እስከ 3,520 ዋት ድረስ ዝም ይላል። ከ2,200 እስከ 3,520 ባለው መካከል ያንቺ ባለ 10 አምፔር ገመድ እየሞቀ፣ ፕላስቲኩ እየለሰለሰ ይቆያል። በኤክስቴንሽን ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን አትሰኪ፣ ገመዱን ጠቅልለሽ ወይም ከፍራሽ ሥር አሳልፈሽ አትጠቀሚ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሶኬቱን በእጅሽ ስትነኪው የሚሞቅ ከሆነ ነቅለሽ ለጥገና ክፍል ተናገሪ። ትምህርትሽ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ፣ አዳፕተር የሚቀይረው የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለም። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ተብሎ ከተጻፈ ችግር የለውም፤ ካልተጻፈ ቤት ይቅር።

ቁልፉን ተቀብለሽ እንደገባሽ ሻንጣ አትክፈቺ፤ አልጋ ላይም አታሳርፊው። መጀመሪያ በስልክሽ ባትሪ የፍራሹን ስፌት ዙሪያውን እዪ፤ አራቱን ጥግ፣ የአልጋውን መጋጠሚያና የብሎን ቀዳዳዎች ሳይቀር። በእስክሪብቶ ጫፍ የተነጠቡ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወይም የተገፈፈ ስስ ቅርፊት ካየሽ ትኋን ነው። በዚያው ሰዓት ሪፖርት አድርጊ፣ ሌላ ክፍል ጠይቂ። በራስሽ መድኃኒት ልርጭ አትበዪ፤ ትኋኑ ወደ ጎረቤት ክፍል ይበተንና ተመልሶ ይመጣል። ልብስሽ ላይ ወጥቷል ብለሽ ከጠረጠርሽ ጨርቁ የሚችለው ከሆነ በ60 ዲግሪ ማጠብ ይገድለዋል።

ከዚያ በሩ መቆለፉን፣ መስኮቱ መዘጋቱን፣ ሶኬቶቹና መብራቱ መሥራታቸውን፣ የቁም ሳጥኑ ማጠፊያ አለመላላቱን ፈትሺ። የተሰበረ፣ የተቃጠለ፣ የተሰነጠቀ ነገር ሁሉ ፎቶ ይነሳ፤ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ክፍሉ በሚታይበት ርቀት። የዕቃ መረከቢያ ቅጽ ሲሰጡሽ «ሁሉም ደህና ነው» በሚል ላይ ቸኩለሽ አትፈርሚ። «የወንበሩ አንድ እግር የላላ፣ የመስኮቱ መስታወት ከታች በቀኝ የተሰነጠቀ» ብለሽ ጽፈሽበት ፈርሚ፣ ቅጂ ውሰጂ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ስትለቂ የሚያስከፍሉሽ ባስረከብሽውና በተረከብሽው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ደግሞ እስከ ሁለቱ ቅርብ መውጫዎች ድረስ በእግርሽ ሂጂና በመንገድሽ ያሉትን በሮች ቁጠሪ። ጭስ ሲኖር ዓይን አያይም፤ በእጅ የሚዳሰስ በር ግን ይቆጠራል።

«ባልስማማስ?» ላልሽው፣ ከክፍል ጓደኞች ጋር የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ትልቅ ነገር አይደለም። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ በስፒከር የሚወራ ስልክ፣ ሳይጠየቅ የሚወሰድ ሻምፑ፣ ሳይነገር የሚመጣ እንግዳ፣ የማይወጣ ቆሻሻ፤ ይኸው ነው። ሁሉም ገና እንግዳ በሆነበትና ማንም ባልተቀየመበት የመጀመሪያ ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ከአንድ ወር በኋላ ያው ንግግር ክስ ይመስላል። ስትጀምሪ የራስሽን አመል አስቀድሚ፦ «እኔ እንቅልፌ ቀላል ነው፣ በብርሃን አልተኛም፤ እናንተስ እስከ ስንት ሰዓት ታጠናላችሁ?» የተስማማችሁበትን በግማሽ ገጽ ጻፉና በሩ ጀርባ ለጥፉት። ቁጥር ይኑረው፤ «ማታ ድምፅ እንቀንስ» ሳይሆን «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስልክ ኮሪደር ላይ» ተብሎ ይጻፍ።

ስምምነቱ ሲፈርስ በዚያው ሌሊት ተነስተሽ አትናገሪ፤ ሳይውል ሳያድር ግን በማግስቱ ያፈረሰችውን ልጅ ለብቻዋ ተናገሪያት፦ «ትናንት ሌሊት የስልክሽ ድምፅ ቀስቅሶኝ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ክፍል አለኝ። ብትችዪ ኮሪደር ላይ አውሪ።» ሁለት ጊዜ ተናግረሽ ካልተለወጠ የዶርሙ ኃላፊ ዘንድ ሂጂ። በሦስተኛዋ ልጅ በኩል መልእክት አትላኪ፤ ከሦስት ሰዎች ሁለቱ ሲያብሩ አንዷ ብቻዋን ትቀራለች፣ ያቺ አንዷም አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ከሁሉም ጋር የልብ ጓደኛ መሆን አይጠበቅብሽም፤ ተከባብሮ ማደር ይበቃል። የጆሮ መድፈኛና የዓይን መሸፈኛም ከሽማግሌ ያላነሰ ሥራ ይሠራሉ።

የትርፍ ሰዓት ሥራን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ተዪው። ለአንድ ሰዓት ክፍል ሁለት ሰዓት ጥናት የሚለውን የተለመደ ስሌት ውሰጂ፤ በሳምንት 15 ሰዓት የምትማሪ ከሆነ 30 ሰዓት ጥናት ተደምሮ 45 ይሆናል፣ ይህ ሙሉ የሥራ ሳምንት ነው። በዚያ ላይ ልብስ ማጠቡ፣ ሰልፉ፣ መንገድ መልመዱ አለ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ከተበላሸ ደግሞ አማካዩን ለማንሳት ብዙ ሴሚስተር ይፈጃል፤ ለተግባር ልምምድ ስታመለክቺ ቀድሞ የሚታየውም እሱ ነው። ገንዘቡ የግድ ከሆነ አስቀድመሽ የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮን ስለ እርዳታ ጠይቂ፤ ሥራም ከያዝሽ ግቢ ውስጥ ይሁን፣ በሳምንት ከ10 ሰዓት አይብለጥ። በተማሪ ቪዛ ውጭ አገር የምትማሪ ከሆነ ቪዛው ስንት ሰዓት እንደሚፈቅድ ሳታጣሪ አትጀምሪ።

ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ሊያዋጣሽ የሚችለው ሥራ የሚገኘው እዚያው ዶርም ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነባር ተማሪዎችን የማደሪያ ረዳት አድርገው ይቀጥራሉ፤ ክፍያው ገንዘብ ወይም ነጻ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ቅጥሩን የሚወስኑት የዶርሙ ኃላፊዎች ስለሆኑ በመጀመሪያ ዓመትሽ እንዴት እንደኖርሽ ያውቃሉ። ማመልከቻ የሚቀበሉበትን ወር ቁልፍሽን ስትረከቢ እዚያው መስኮት ላይ ጠይቂያቸው።