ባትሪ ላይ «ፒቢ» ካየሁ ታግዷል ማለት ነው?

አይደለም ወንድሜ። ከተሰረዘው የቆሻሻ ቅርጫት ሥር «ፒቢ» ስላየህ ብቻ ባትሪውን ከጀርመኑ ሱቅህ አታወጣም። ፒቢ እርሳስ ነው። ምልክቱ የሚደረገው እርሳሱ ከባትሪው ክብደት 0.004 በመቶ ሲያልፍ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ ደግሞ ለትናንሽ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎች (ለመኪና ባትሪ ሳይሆን) 0.01 በመቶ ነው፤ ይህም የጸናው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ነው። መሃል ላይ ያለው ይሸጣል። አከፋፋይህን የላብራቶሪ ውጤቱን ጠይቀው፣ በቃሉ ብቻ አትመን። ለጆሮ መስሚያ የሚሆኑት ክብ የዚንክ-አየር ባትሪዎች ከእርሳሱ ጣሪያ እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ነፃ ናቸው።

«ሲዲ» ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲዲ ካድሚየም ነው፤ በተንቀሳቃሽ ባትሪዎች ምልክቱም ክልከላውም የሚጀምረው ከ0.002 በመቶ በላይ ነው። አዲስ ዕቃ ላይ ካየኸው አትረከብ። የሜርኩሪ ጣሪያ 0.0005 በመቶ ነው፤ የሰዓት ባትሪም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ከዚህ ነፃ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ድሪል ባትሪ መሳቢያ ውስጥ ረስቼ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቶበት አገኘሁት። በባዶ እጄ ጠረግኩት፤ ጣቴን ለበለበኝ። አንተ ጓንት አድርግ፣ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍን። ደንበኛ ያለቀ ባትሪ ሲያመጣልህም በነፃ ተቀበል፤ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ይህን የማድረግ ግዴታ አለበት።