«ይሄ ወረቀት ጤፍ ይገዛል?»

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ባለቤቴ መርካቶ አካባቢ በጥበቃ ሥራ ላይ ነው። ባለፈው ወር ዓመቱን ሙሉ ሳይቀርና ሳያረፍድ በመሥራቱ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶት ደስ ብሎት መጣ። እኔ የቤት ኪራይ ጎድሎብኝ ስበሳጭ ነበር የዋልኩት። ልጆቹ ፊት «ይሄ ወረቀት ጤፍ ይገዛል?» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ ወረቀቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ጨዋታ የለም። እኔም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየተነሳሁ ቁርሱን እሠራለሁ። እንጀራ እየሸጥኩ እቁብ ጥዬ የትልቋን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍያለሁ። ለእኔ ማን ወረቀት ሰጠኝ? የእህቴ ባል ቤት ሠርቶ መኪና ገዝቷል። እኔ ለአንድ ወረቀት እልል ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነገር አብረን እንየው። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ በጠዋት መርካቶ ፈረቃ መረከብ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ጎህ ሳይቀድ መውጣት አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ሲያልፍ ቆሞ ማየት አለ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃውን አልፎ የደንብ ልብሱን ሳያቆሽሹ መድረስ አለ። ልጅ ታሞ ያደረባቸው፣ እሱም ወገቡን ያመመው ቀናት ይኖራሉ። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ቀን አላረፈደም። እኔ ይህን ትልቅ ነገር እለዋለሁ። በሰዓቱ የደረሰን ጥበቃ ማንም ልብ አይለውም፤ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው የቀረ ዕለት ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን አንድ ሰው አየለትና ጻፈለት። እሱም ያንን ይዞ የመጣው ወደ አንቺ ነው።

ባልና ሚስት ችግር ሲመጣ መደጋገፍ እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። ደስታ ሲመጣስ? ሼሊ ጌብል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ጥናት ጥንዶች መጥፎም መልካምም ነገር ሲነጋገሩ ተመልክታ ነበር። ከግንኙነታቸው ጤንነት ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ለመልካሙ ወሬ የሚሰጡት ምላሽ ነው። ደስ ብሎት የመጣ ሰው ፊት ሲነሱት በሌላ ጊዜ ደስታውን ይዞ አይመጣም። የባለቤትሽ ዝምታ ቂም ላይሆን ይችላል። «እዚህ ቤት የእኔ ነገር ቦታ የለውም» ብሎ ይሆናል።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የነካው እሱ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ማን ይነሳል? ቁርሱን ማን ያደርሳል? ልጅ ያመመው ሌሊት እሱ ሥራ እንዳይቀር ማን ቁጭ ብሎ ያድራል? ወረቀቱ ላይ ስምሽ አልተጻፈም እንጂ ግማሹ ያንቺ ነው። ያን ቀን ያመመሽም ይኸው ይመስለኛል፤ የእሱ ልፋት ተቆጠረ፣ ያንቺ ሳይቆጠር ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1979 በካናዳ የተሠራ አንድ ጥናት ባልና ሚስትን ለየብቻ «ከቤቱ ሥራ የአንተ ድርሻ ምን ያህል ነው? የአንቺስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኛው ከመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዋሽተው አይደለም። ሰው የራሱን ልፋት በሰውነቱ ያውቀዋል፤ የሌላውን ግን ውጤቱን ብቻ ነው የሚያየው። እሱም ቁርሱን ያያል እንጂ አሥር ሰዓቱን አያይም።

በኪራዩ መበሳጨትሽ ትክክል ነው፤ ምስጋና ኪራይ አይከፍልም። ግን ብስጭትሽ የኪራዩ ሆኖ ሳለ ያረፈው በእሱ ላይ ነው። የእህትሽን ባል ለጊዜው ተዪው፤ የእሱን ቤት ገቢና ዕዳ አንቺም እኔም አናውቅም።

የተናገርሽው ልጆቹ ፊት ስለሆነ የምትመልሽውም ልጆቹ ፊት ይሁን። እሑድ ቡናው ሲቀራረብ «የልጆቼ አባት፣ ያን ዕለት ክፉ ተናግሬሃለሁ። ኪራዩ ጎድሎብኝ ነው እንጂ ልፋትህ ጠፍቶኝ አይደለም» በዪው። ወረቀቱን ያውጣውና ትልቋ ጮክ ብላ ታንብበው። «ጀግና» እያልሽ አታጋኚ፤ ሰው የተጋነነ ምስጋና ያውቃል። ከዚያ ይልቅ «በዚያ ዝናብ እንዴት አድርገህ ደረስክ?» ብለሽ ጠይቂውና እስኪጨርስ አዳምጪው። በእኛ አገር ሰውን በቁሙ ማመስገን እንደ ሽንገላ የሚቆጠርበት ቤት ብዙ ነው፤ ታታሪነቱ የሚወራው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አፍሽ ቢተሳሰር አይግረምሽ።

ያንቺንም ንገሪው። «ይኸው እቁቤን ጨርሼ የልጃችንን ክፍያ ከፈልኩ» ብለሽ ደረሰኙን እጁ ላይ አስቀምጪ። ማሽሟጠጥ እንዳይመስልብሽ ግን የእሱ ጉዳይ በተነሳበት ቀን ሳይሆን በሌላ ቀን አድርጊው። አይቶ ዝም ካለ «ጎበዝ እንድትለኝ ፈልጌ ነው» በዪው፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ምናልባት ዝምታው ከዚህ ሁሉ በኋላም ከቀጠለ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ነገሩ ከኩርፊያ ሊያልፍ ስለሚችል በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ።