ዋጋው ወርዶ የትርፍ ድርሻው ካልቀረ

ጥያቄ፦ የአንድ ኩባንያን አክሲዮን በ50 ዶላር ሒሳብ 200 ገዝቼ ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ። አሁን ዋጋው 34 ዶላር ነው። ኩባንያው ግን በየዓመቱ ለአንድ አክሲዮን 2 ዶላር የትርፍ ድርሻ መክፈሉን አላቋረጠም። ያማከርኳቸው ሁሉ «እስካልሸጥክ ድረስ አልከሰርክም» ይሉኛል። እውነት አልከሰርኩም?

መልስ፦ አባባሉ ለግብር ይሠራል እንጂ ለኪስዎ አይሠራም። አክሲዮኑ እስካልተሸጠ ግብር ሰብሳቢው ኪሳራ ብሎ አይይዝልዎትም፤ ሀብትዎ ግን ዛሬ 6,800 ዶላር ነው። 32 በመቶ የወረደው ዋጋ ወደ ነበረበት እንዲመለስም 47 በመቶ መጨመር ይኖርበታል። በሌላ በኩል፣ በስልክዎ ላይ በቀይ የሚታየው የ3,200 ዶላር ጉድለት ብዙ ጊዜ በሦስት ዓመት የተቀበሉትን 1,200 ዶላር አያካትትም። እሱ ሲደመር፣ ግብሩን ሳንቆጥር፣ ጉድለቱ 2,000 ዶላር ነው።

መያዝ ወይም መሸጥ የሚወሰነው ግን በዚህ ስሌት አይደለም። የሚወሰነው 2 ዶላሩ ከየት እየመጣ እንደሆነ በማየት ነው። የኩባንያውን የዓመት ሪፖርት ይክፈቱና የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን አልፈው ወደ ጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ይሂዱ። ከሥራ የተገኘውን ጥሬ ገንዘብ ይጻፉ፤ ለማሽን፣ ለሕንፃና ለሌላ ቋሚ ንብረት የወጣውን ይቀንሱ። የትርፍ ድርሻው መከፈል ያለበት ከሚተርፈው ነው። ከሥራ 900 ሚሊዮን ገብቶ 350 ሚሊዮን ለቋሚ ንብረት ቢወጣ 550 ሚሊዮን ይተርፋል። ከዚህ ላይ 300 ሚሊዮን ለባለአክሲዮኖች የሚከፍል ኩባንያ መተንፈሻ አለው። 520 ሚሊዮን የሚከፍለው ግን አንድ መጥፎ ዓመት ከመጣበት ወይ ይበደራል ወይ ይቆርጣል።

የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ያታልላል፤ ትልልቅ ደንበኞች ክፍያ ስላዘገዩ ብቻ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን ይደርድሩ። ይህ ስሌት ለባንክ እንደማይሆንም ይወቁ፤ ባንክ የሚመዘነው በካፒታሉ ብቃት (ኪሳራን ለመሸከም ባለው የራሱ ገንዘብ) እና በተበላሹ ብድሮቹ መጠን ነው።

ቀጥሎ ዕዳውን ይመልከቱ። ከሪፖርቱ ማብራሪያዎች ውስጥ የትኛው ዕዳ በየትኛው ዓመት እንደሚከፈል የሚዘረዝር ሠንጠረዥ አለ። በ3 በመቶ ወለድ የተወሰደ የ2 ቢሊዮን ብድር በ6 በመቶ ቢታደስ የዓመት ወለዱ ከ60 ወደ 120 ሚሊዮን ያድጋል። ጭማሪው ከዚያው ከሚተርፈው ገንዘብ ላይ ይነሳል።

የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በ2022 ከሥራ ያገኘው ጥሬ ገንዘብ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ለፋብሪካና መሣሪያ ያወጣው ከ24 ቢሊዮን በላይ ነበር። ያም ሆኖ 6 ቢሊዮን ገደማ የትርፍ ድርሻ ከፈለ። በየካቲት 2023 ለአንድ አክሲዮን የሚከፍለውን የሩብ ዓመት ክፍያ ከ36.5 ወደ 12.5 ሳንቲም ቆረጠው፤ ከ2024 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ አቆመው። «እየከፈለ ነው» ብሎ የተጽናና ባለአክሲዮን ዋጋውንም ክፍያውንም አጣ። በአንጻሩ የሳሙናና የቤት ፍጆታ ዕቃዎች አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በመጋቢት 2020 ከገበያው ጋር ዋጋው ቢወርድም በሚያዝያ የትርፍ ድርሻውን 6 በመቶ ጨመረ። የሁለቱም ዋጋ ወርዶ ነበር፤ ልዩነቱ ያለው ከዋጋው ጀርባ ነው።

የእርስዎ ኩባንያ ፈተናውን ካለፈ ይያዙት። ካላለፈ ግን «ዋጋው ሲመለስ እሸጣለሁ» አይበሉ። 6,800 ዶላሩን 5 በመቶ ወደሚከፍል ጠንካራ ኩባንያ ቢያዛውሩት በዓመት 340 ዶላር ያገኛሉ። ከ400 ያንሳል፤ ግማሹ ሊቆረጥ ከተቃረበ 400 ግን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዋጋው ሲወርድ እየጨመርኩ መግዛት አማካይ ዋጋዬን ያወርደዋል ይባላል። ላድርገው?

መልስ፦ ያወርደዋል። 200 አክሲዮን በ50 ዶላር የያዘ ሰው 100 በ34 ቢጨምር አማካዩ 44.67 ዶላር ይሆናል። ይህ ቁጥር ግን ማጽናኛ እንጂ ገቢ አይደለም፤ ከኪስ የወጣው ገንዘብ ከ10,000 ወደ 13,400 ዶላር ከፍ ብሏል። የአንድ ኩባንያ ድርሻ ከጠቅላላ ሀብትዎ 5 በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ ያብጁ። ጣሪያውን ዋጋው በወረደው አክሲዮን ሳይሆን ባወጡት ገንዘብ ይለኩት፤ አለበለዚያ አክሲዮኑ በወረደ ቁጥር ድርሻው ያነሰ እየመሰለ ማለቂያ የሌለው ግዢ ውስጥ ይገባሉ። አዲስ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሳይወጣና ሳያነቡትም አይግዙ። የዓመቱ የትርፍ ድርሻ ለአክሲዮኑ ዋጋ ያለው ምጣኔ ከ4 ወደ 8 በመቶ ከፍ ያለው ክፍያው ስላደገ ሳይሆን ዋጋው በግማሽ ስለወረደ ከሆነ፣ ገበያው ቅነሳ እየጠበቀ ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነኝ። በኪሳራ ሸጬ ወዲያው መልሼ ብገዛ ኪሳራው ይያዝልኛል?

መልስ፦ አይያዝልዎትም። ከሽያጩ በፊትም ሆነ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ያንኑ አክሲዮን ከገዙ ኪሳራው ለጊዜው ውድቅ ሆኖ በአዲሱ አክሲዮን መግዣ ዋጋ ላይ ይደመራል። ብዙዎች የሚጠለፉት በትርፍ ድርሻው ያንኑ አክሲዮን በራሱ በሚገዛ አገልግሎት ነው። 200 አክሲዮን ያለው ሰው ቢሸጥም ከሽያጩ በፊት መብት ያገኘበት የትርፍ ድርሻ ከሽያጩ በኋላ ሊከፈለው ይችላል፤ አገልግሎቱ ካልተዘጋ የሩብ ዓመቱ 100 ዶላር በ34 ዶላር ሦስት አክሲዮን ገደማ ይገዛል። ውድቅ የሚሆነው የነዚያው የሦስቱ ኪሳራ፣ 48 ዶላር ያህል፣ ብቻ ነው። ግዢው በግል የጡረታ ሒሳብዎ ከተፈጸመ ግን ኪሳራው እስከመጨረሻው ይጠፋል፤ የትዳር ጓደኛ ግዢም ይቆጠራል። ስለዚህ ከመሸጥዎ በፊት አገልግሎቱን በሁሉም ሒሳቦች ያዘጉ። የተያዘልዎት ኪሳራ መጀመሪያ ከሽያጭ ትርፎች ይቀነሳል፤ ከተረፈ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከሌላ ገቢ ላይ ይነሳል፤ ቀሪው ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ ለመሸጥ ወስኛለሁ። የሚቀጥለውን ክፍያ እስክቀበል ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። የክፍያው መብት በሚቋረጥበት ቀን (ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገዛ ሰው ክፍያውን አያገኝም) ማለዳ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በክፍያው ያህል ዝቅ ብሎ ይከፈታል፤ በተቀበሉት ገንዘብ ላይ ደግሞ ግብር ይከፍላሉ።