ማባዛቱን ያውቃል፣ ማካፈል ላይ ግን ይፈዛል (የወላጆች ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች ሁሉም ማካፈል ላይ ናቸው፣ እሺ በአንዴ እንጨርሳቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሶስተኛ ክፍል ነው፣ የማባዛት ሰንጠረዡን በቃሉ ይወጣዋል፣ 56 ለ8 ሲካፈል ስንት ነው ስለው ግን ዝም። ምን ላርግ?

መልስ፦ ሰንጠረዡን የሸመደደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ከ7 እና ከ8 ተነስቶ 56 ይደርሳል፣ ከ56 መመለሱን ግን ማንም አላሳየውም። "ሲካፈል" የሚለውን ለጊዜው ተይውና "8 በስንት ቢባዛ ነው 56 ሚሆነው?" በይው። ከዛ ወረቀት ላይ 7፣ 8 እና 56ን ጽፈሽ አንዱን በጣትሽ ሸፍኚና የተሸፈነውን ይንገርሽ፤ 56ቱን ስትሸፍኚ ማባዛት ነው፣ 7ቱን ወይ 8ቱን ስትሸፍኚ ማካፈል፣ ቁጥሮቹ ግን ያው ሶስቱ ናቸው። በቀን ሶስት አራት ወረቀት ይበቃል፣ ደክሞት እያንቀላፋ አታስጨንቂው። በነገራችን ላይ ማባዛት ተምሮ ሲጨርስ ነው ማካፈል ሚጀምረው ሚባለው ነገር ለኔ አይገባኝም፣ 2 ሲባዛ በ6 12 ነው ያለ ልጅ የ12 ግማሽ ስንት እንደሆነ እዛው ቢጠየቅ ምን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ልጄ "12 ብርቱካን ለ3 ልጆች" ሲሏት ትሰራለች፣ "12 ብርቱካን በየሰሃኑ 3 ቢደረግ ስንት ሰሃን ይሞላል" ሲሏት ግራ ይገባታል።

መልስ፦ ማካፈል ማለት ለሰው ማደል ብቻ ነው ተብላ ስለተማረች ነው። በመጀመሪያው 4 ብርቱካን ይደርሳቸዋል፣ በሁለተኛው 4 ሰሃን ይሞላል፣ ሁለቱም የሚመጡት 3 ሲባዛ በ4 12 ከሚለው ነው። ብርቱካን ባይኖር ጠጠርም ይሆናል፣ በእጇ ትስራው።

ጥያቄ፦ ቀሪ ሲመጣ መልሱ የተሳሳተ ይመስለዋል።

መልስ፦ በጳጉሜ አስረዱት! 365 ቀን ለ30 ሲካፈል 12 ይደርሳል 5 ይተርፋል፣ 12ቱ ወሮቻችን ናቸው፣ 5ቷ ጳጉሜ (በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች)። ከዛ 12ን በ30 ያባዛ፣ 360፣ 5 ይደምርበት፣ 365 ከመጣ ልክ ነው። ማንኛውንም ማካፈል እንዲህ ራሱን ያርም።

ጥያቄ፦ ለምንድነው በ0 ማይካፈለው? ልጄ ጠየቀችኝና "ህግ ነው" አልኳት።

መልስ፦ እንዴ፣ ህግ ነው ከማለት "0 በስንት ቢባዛ 6 ይሆናል?" በላት። ብትፈልግ ብትፈልግ አታገኝም፣ 0 በምንም ቢባዛ 0 ነው። በቃ መልስ የለውም።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነው ምንኖረው፣ ልጄ ማካፈልን በሁለት ነጥብ (:) ነው ሚጽፈው፣ ላርመው?

መልስ፦ ኧረ አታርሚው፣ እዛ እንደዛ ነው ሚጻፈው፣ ማባዛቱንም በ× ፈንታ በአንድ ነጥብ ነው ሚያደርጉት። ሚገርመው የኛው ÷ ለማካፈል መጀመሪያ የታተመው በ1659 እ.ኤ.አ. ዮሃን ራን የሚባል ስዊዘርላንዳዊ በጀርመንኛ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ነው። አያቶቹ ጋር አዲስ አበባ ሲመጣ ብቻ ÷ም ያው እንደሆነ ንገሪው።