«ሲስተም የለም» ከሚለው መስኮት ጀርባ

ሰላም እህቴ።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ከሚደርሱኝ አብዛኞቹ «ሲቪዬን እይልኝ» የሚሉ ናቸው። ያንቺ ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ፤ መልሱ ቢረዝም ታገሺኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊዋ ደሴ ናት። በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ከተመረቀች ዓመት ሆኗታል። የመመረቂያ ፕሮጀክቷ በፓይተን የጻፈችው ትንሽ ፕሮክሲ ሰርቨር ነበር። በተጠቃሚውና በዋናው ሰርቨር መሀል ቆሞ ከዚህ ተቀብሎ ለዚያ የሚያቀብል፣ ደላላ በሉት። ፕሮክሲው ሁለት ሰዓት ያህል ደህና ይሠራና «የተከፈተው ፋይል በዛ» ብሎ ይቆማል። ፈታኞቹ ፊትም ቆመ። «ሪስታርት አድርጊው» አሏት፤ አደረገች፣ ሠራ፣ አለፈች። ነገሩ ግን አልለቀቃትም። ዓመቱን ሙሉ ኮኔክሽን እንዴት ተከፍቶ እንዴት እንደሚዘጋ ስታጠና ከረመች። አሁን ሁለት በር ተከፍቶላታል። አንዱ እዚያው ደሴ፣ ባንክ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት፣ ቋሚ። ሌላው አዲስ አበባ፣ አንድ የክፍያ ድርጅት ውስጥ ሲስተም የሚከታተል የፈረቃ ሥራ ነው፤ የ6 ወር ኮንትራት፣ ሌሊትም አለው። ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ «ሴት ልጅ ለሌሊት ሥራ አዲስ አበባ አትሄድም» ብሏል። እሷ ደግሞ «ለመሆኑ ይሄ የማጠናው ነገር እንጀራ ይሆናል ወይስ እብደት ነው?» ትላለች።

እንጀራ ይሆናል። በስሙ ግን አይሸጥም። «የኮኔክሽን ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ኢትዮጆብስ ላይም ቴሌግራም ላይም ስትፈልጊ ብትውዪ አታገኚም። የምታገኚው «ሲስተም አድሚኒስትሬተር»፣ «ኔትወርክ ኢንጂነር»፣ አሁን አሁን ደግሞ «ዴቭኦፕስ» ነው፤ ከሥሩ እንደ ውዳሴ የተደረደረ የሶፍትዌር ስም አለ። እዚያ ውስጥ ኤንጂንኤክስ ወይም ኤችኤፕሮክሲ የሚል፣ ያለቀለት የፕሮክሲ ሶፍትዌር ስም ካየሽ፣ ያንቺ ነገር እዚያ ተቀብሯል ማለት ነው።

ባንክ ሄደሽ፣ ወረፋ ይዘሽ፣ ተራሽ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተብለሽ ታውቂያለሽ አይደል? የት ሄዶ ነው? እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ስንቴ የትም ሳይሄድ ነው የጠፋው። መብራት አለ፣ ሰርቨሩ በርቷል፣ መስመሩም ደህና ነው። መሀል ያለው አቀባይ ግን እጁ ሞልቷል። የሄደውንና የቀረውን መለየት አቅቶት የሄዱትን ይዞ ቆሟል።

ልክ እንዳንቺ ፕሮክሲ። የላክሽልኝን ኮድ ከፍቼ አየሁት። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሁለት ኮኔክሽን ትይዣለሽ፤ አንዱ ከተጠቃሚው ጋር፣ አንዱ ከሰርቨሩ ጋር። ማሽኑን የሚያሠራው ሊኑክስ እያንዳንዱን እንደ አንድ የተከፈተ ፋይል ነው የሚቆጥረው፤ ካልነካሽው ደግሞ ለአንድ ፕሮግራም የሚፈቅደው 1,024 ነው። ስለዚህ የ500 ምናምን ተጠቃሚ ኮኔክሽን ሳይዘጋ ከቀረ አለቀልሽ። ለምንድነው የማይዘጋው? ሁለት ትሬድ፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች፣ አለሽ። አንዱ ከተጠቃሚው ወደ ሰርቨሩ ያመላልሳል፣ ሌላው ከሰርቨሩ ወደ ተጠቃሚው። ከዚያ «ሁለቱም ሲጨርሱ ዝጋ» ብለሻል። ተጠቃሚው ስልኩን ዘግቶ ሄደ እንበል። የመጀመሪያው ትሬድ መሄዱን አውቆ ጨረሰ። ሁለተኛው ሰርቨሩ እስኪናገር ይጠብቃል። ሰርቨሩ ደግሞ ሰውየው መሄዱን የነገረው ስለሌለ እሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እንደተፋጠጡ ይኖራሉ።

ተርሚናል ከፍተሽ በኤስኤስ ትእዛዝ የኮኔክሽኖቹን ዝርዝር ብታወጪው ሁለቱን ጎን ለጎን ታያቸዋለሽ። የተጠቃሚው ወገን «ክሎዝ-ዌት» ይላል፤ ያኛው ጨርሷል፣ ያንቺን መዝጋት ነው የምጠብቀው ማለቱ ነው። ይሄ በራሱ ጊዜ አይጠፋም። ሊኑክስ አይዘጋልሽም፤ ፕሮግራምሽ እስኪዘጋው ወይ እስኪሞት ድረስ እዚያው ነው። ለዚህ ነው ሪስታርት «የሠራው»። የሰርቨሩ ወገን ደግሞ «ኢስታብሊሽድ» ይላል፤ ላየው ሰው ጤነኛ ነው። ከሁለቱ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ይሄን ያወቀ ሰው የመጀመሪያ መፍትሔው «አንዱ ሲጨርስ ሁለቱንም ቁረጥ» ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይተኛል። አንቺ አትተኚ። ጥያቄውን ልኮ ሲጨርስ የመላኪያውን በኩል ብቻ ዘግቶ መልሱን የሚጠብቅ ተጠቃሚ አለ፤ የኮኔክሽኑ ሕግ የሆነው ቲሲፒ ይፈቅድለታል። ሁለቱን በአንዴ ከቆረጥሽ መልሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ወገን «ጨርሻለሁ» ሲል ያንን ቃል ለሌላኛው ወገን አቀብዪ፣ የመልሱን መንገድ ክፍት ተዪ፣ ሁለቱም ሲጨርሱ ዝጊ። ለተወሰነ ጊዜ በየትኛውም በኩል ምንም ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ቁረጪው። ይሄን ለማድረግ ለእያንዳንዱ ጥንድ ትንሽ ማስታወሻ መያዝ አለብሽ፤ ማን ተናግሮ ጨረሰ፣ ማን ቀረ፣ የመጨረሻው ባይት መቼ አለፈ። ዓመት ሙሉ ያጠናሽው ነገር ሲጨመቅ ይህቺ ማስታወሻ ናት። እነ ኤችኤፕሮክሲም ከሥር እንዲህ ዓይነት ማስታወሻ ነው የሚይዙት፤ የነሱ በብዙ ሺህ መስመር ሲ ተጽፏል እንጂ። ኮዱ ክፍት ነው፣ አንብቢው።

እኔ ይሄን የተማርኩት በሚያሳፍር መንገድ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ባንክ ገባሁ፤ ሁለት ዓመት ፕሪንተር ተሸክሜ ፎቅ ስወጣና ስወርድ ነበር። ከዚያ ሰርቨር ክፍል ሰው ሲጎድል «ና እስኪ አንተ» ተባልኩ። አንድ የወር መጨረሻ፣ ደመወዝ ቀን፣ ፕሮክሲው ወደ ዋናው ሰርቨር አዲስ ኮኔክሽን መክፈት አቃተው። ዝርዝሩን ሳወጣ «ታይም-ዌት» የሚል መዓት ነው። ደነገጥኩ። ኢንተርኔት ላይ «ቲደብሊው ሪሳይክል የሚባለውን አብራው» የሚል አገኘሁ፤ ታይም-ዌት ላይ ያሉትን ቶሎ የሚያጸዳ የሊኑክስ ማብሪያ ነው፤ አበራሁት፣ ወዲያው ተረጋጋ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በነጋታው ደንበኞች መደወል ጀመሩ፤ አንዴ ይገባል፣ አንዴ እምቢ ይላል። እኛ ቢሮ ውስጥ ሆነን ስንሞክር ምንም የለበትም። ሦስት ቀን ሙሉ «የእናንተ ስልክ ነው» ስንላቸው ቆየን።

ስልኩ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች ለሰርቨሩ የሚታዩት እንደ አንድ አድራሻ ነው። እኔ ያበራሁት ነገር ደግሞ ከዚያ አድራሻ የሚመጣውን ሁሉ የአንድ ማሽን አድርጎ ያያል፤ ስልኩ የሚለጥፍበት የጊዜ ምልክት ከቀደመው ወደኋላ የሚል ጥያቄ ሲመጣ «ያረጀ ነው» ብሎ ድምፁን አጥፍቶ ይጥለዋል። የሁለት ሰዎች ስልክ አንድ ዓይነት ሰዓት አይቆጥርም። ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሌላው ይጣላል። ሊኑክስ ራሱ በ2017 በ4.12 ቨርዥኑ ያንን ነገር አውጥቶ ጣለው፤ እኔ ግን ቀድሜ ነበር የተዋረድኩት።

ታይም-ዌት በሽታ አልነበረም። ቀድሞ የዘጋው ወገን የዘገየ ፓኬት መጥቶ ሌላ ኮኔክሽን ውስጥ እንዳይገባ በሊኑክስ 60 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ በቃ። ችግሩ የኛ ፕሮክሲ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ኮኔክሽን ከፍቶ መዝጋቱ ነበር። ሊኑክስ ለዚህ የሚሰጠው ፖርት፣ የኮኔክሽን በር ቁጥር በዪው፣ ከ32,768 እስከ 60,999 ነው፤ 28,232 ማለት ነው። ለ60 አካፍዪው። ወደ አንድ ሰርቨር በሴኮንድ ከ470 በላይ ከከፈትሽ ያልቃል። በደመወዝ ቀን አለቀ። መድኃኒቱ የተከፈተውን ሳይዘጉ ደጋግሞ መጠቀም ነበር፤ ሁለት መስመር ኮንፊግ።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ለወሬ አይደለም። ሲስተም ሲቆም ስብሰባ ይጠራል። የኔትወርኩ ሰው አፕሊኬሽኑ ነው ይላል፣ የአፕሊኬሽኑ ሰው ኔትወርኩ ነው ይላል፣ ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት በስልክ «የእናንተ ፕሮክሲ ነው» ይላል። አንዲት ልጅ ላፕቶፗን አዙራ «ያልዘጋው ይሄኛው ወገን ነው፤ ቁጥሩ ይኸውና» ስትል ስብሰባው ያልቃል። እንዲህ ዓይነቷን ልጅ ማንም አይለቃትም። አዲስ አበባ የጠሩሽ ሰዎችም ኢንተርቪው ላይ ዝም ብለው «502 ለምን ይመጣል?» ቢሉሽ (ፕሮክሲው ከኋላው ካለው ሰርቨር ደህና መልስ ሲያጣ የሚያሳየው የስሕተት ቁጥር ነው)፣ ከመጽሐፍ አትመልሺ። ኤንጂንኤክስ የጀርባ ኮኔክሽን ደጋግሞ እንዲጠቀም ከተደረገ፣ ሥራ የፈታውን፣ ሰዓቱን ካልነካሽው፣ 60 ሴኮንድ ይይዛል፤ ከኋላ ያለው ሰርቨር ኖድ ጄኤስ በሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ከተጻፈ፣ በብዙዎቹ ቨርዥኖች 5 ሴኮንድ ቆይቶ ይዘጋዋል። ፕሮክሲው ክፍት መስሎት ሲልክ ያኛው በዚያችው ቅጽበት ዘግቶ ይገኛል። ጥያቄው ክፍያ ከሆነ ደግሞ በጭፍን መድገም አይቻልም፣ ሰውየው ሁለቴ ይከፍላል። ስለዚህ የኋለኛው ቆይታ ከፕሮክሲው መርዘም አለበት። ይሄን ወረቀት ላይ ሥለሽ አሳዪያቸው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ያስተማረሽ እሱ ነው፣ ውለታው ትልቅ ነው። ውለታ ግን የሥራ መደብ አይመርጥም። «ቋሚ ነው» ያለው እውነቱን ነው፤ ቋሚነቱ «ሲስተም የለም» የሚባልበት መስኮት ላይ ነው እንጂ። «ገብታ ወደ አይቲ ትዛወራለች» ማለቱን ጽፈሽልኛል። ሲዛወሩ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ብዙዎቹ ሦስትና አራት ዓመት ጠብቀው፣ የሚያውቁትን ረስተው ነው። «ሴት ልጅ ለሌሊት» ለሚለው ደግሞ፣ ደሴ ሆስፒታል ሌሊቱን የምታድረው ነርስ የማን እህት ናት በይው። ስጋቱን ግን አትናቂ። ከመፈረምሽ በፊት የሌሊት ሰርቪስ አለ ወይ፣ እስከ በር ያደርሳል ወይ፣ በፈረቃ ስንት ሰው ነው ብለሽ ጠይቂ። ሰርቪስ ከሌለ እኔም ከወንድምሽ ጋር ነኝ።

አንቺንም አልምርሽም። ዓመት ሙሉ «እያጠናሁ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ በሌላ ሰው ደመወዝ ነው የሚሆነው፣ ወንድምሽ የሰለቸው እሱም ይሆናል። የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ብቻሽን አትችዪውም፤ ኮንደሚኒየም ከሁለት ሦስት ልጆች ጋር ተጋሪ። 6 ወሩን እንደ ትምህርት ቁጠሪው፣ ገንዘብ አታስቀምጪም፤ ይሄን ለወንድምሽ አሁኑኑ ንገሪው፣ በሦስተኛው ወር ብር ላኪ እንዳይልሽ። የሌሊት ፈረቃ ደግሞ አለቃ የለበትም፤ ሲስተም ሲወድቅ እጅሽ ላይ ነው የሚወድቀው፣ እኔ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ማስተርስ፦ አሁን አይደለም። ሲሲኤንኤ (የሲስኮ የኔትወርክ ሰርተፊኬት)፦ ትምህርቱን ተማሪ፣ ለፈተናው ዶላር ግን ቀጣሪ እስኪከፍልልሽ ጠብቂ። ዱባይ ያለችው አክስትሽ «ነይ፣ ሥራ አይጠፋም» ያለችው የትኛውን ሥራ እንደሆነ በስም ጠይቂያት። «ኤአይ ይሄን ሁሉ ይሠራዋል» ላለሽ ጓደኛሽ ደግሞ፣ ያቺን ቲደብሊው ሪሳይክል ለእኔ ያቀበለኝም በጣም እርግጠኛ ሆኖ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር በይው።

ኢንተርቪውሽ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው ብለሻል። እስከዚያ ፕሮክሲሽን አስተካክለሽ አንድ ቀን ሙሉ ሳታጠፊው አሠሪው። በየሰዓቱ ክሎዝ-ዌት ስንት እንደሆነ ቁጠሪና ላኪልኝ። ሲቪሽንም አብረሽ ላኪ። ፕሮጀክቱ ፈታኞቹ ፊት እንደቆመና ለምን እንደቆመ በሁለት መስመር ጻፊበት። መጀመሪያው ላይ ያለውን «ኦብጀክቲቭ» የሚል አንቀጽ ግን አጥፊልኝ፣ ማንም አያነበውም።